በየካ ተዳፋት ካባ ሲሰፋ፦ ድንጋዩ፣ መንደሩና የፈቃድ ውሳኔው

ከእንጦጦ ሰንሰለት ወደ ኮተቤ፣ ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮንና ወደ ቀበና በሚወርደው ተዳፋት ላይ ሁለት ፍላጎቶች በአንድ መሬት ይሻማሉ። አንዱ መኖሪያ ቤት ነው፤ ሌላው ቤቱ የሚሠራበት ድንጋይና ጠጠር። የየካ ክፍለ ከተማ ኮረብታዎች አዲስ አበባ ከተቆረቆረች ጀምሮ የግንባታ ድንጋይ ሲያቀርቡ ኖረዋል። መንደሮቹም እየሰፉ ወደ ተራራው ወጥተዋል። ዛሬ የድንጋይ ካባውና መንደሩ በብዙ ቦታ ፊት ለፊት ተያይተዋል።

ካባ ያለው ድርጅት ወይም ማኅበር ይዞታውን ለማስፋት ሲያመለክት ጉዳዩ በወረዳ፣ በክፍለ ከተማና በከተማ ደረጃ ባሉ መሥሪያ ቤቶች ይታያል። አመልካቹ የሥራ ዕድልንና የግንባታ ግብዓት እጥረትን ያነሣል። ነዋሪው አቧራውን፣ የግድግዳውን ስንጥቅና የልጆቹን ደኅንነት ያነሣል። የሁለቱም አቤቱታ እውነት አለው። ውሳኔው ፍትሐዊ የሚሆነው ሁለቱም በስሜት ሳይሆን በልኬት ሲመዘኑ ነው፤ ለዚህም ተራራው ከምን እንደተሠራ፣ ካባ እንዴት እንደሚሠራና ሕጉ ምን እንደሚል ማወቅ ያስፈልጋል።

ተራራው

እንጦጦ የእሳተ ገሞራ ውጤት ነው። የሰንሰለቱ ዋና አካል ሬዮላይትና ትራካይት የሚባሉ ዐለቶች ሲሆኑ ዕድሜያቸው ከ20 ሚሊዮን ዓመት በላይ ነው። ከተማው ከተንጣለለበት ዝቅተኛ መሬት ሥር ያሉት ባዞልትና ኢግኒምብራይት ደግሞ ከዚያ በኋላ የፈሰሱና የተከመሩ ናቸው። የእንጦጦ ጫፍ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 3,200 ሜትር ይጠጋል፤ መስቀል አደባባይ ግን በ2,350 ሜትር ገደማ ላይ ነው። በጥቂት ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ ከ800 ሜትር በላይ ቁልቁለት አለ ማለት ነው።

ይህ ሰንሰለት የውኃ መለያም ነው። በሰሜን ጎኑ የሚወርደው ዝናብ ወደ ዓባይ ተፋሰስ፣ በደቡብ ጎኑ የሚወርደው ወደ አዋሽ ተፋሰስ ይሄዳል። የቀበናና የግንፍሌ ወንዞች የሚነሡት ከዚሁ ደቡባዊ ተዳፋት ነው። ከተማውን አቋርጠው ከትልቁ አቃቂ ወንዝ ጋር ይቀላቀላሉ፣ ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ ይገባሉ፣ መድረሻቸውም አዋሽ ነው። ስለዚህ በየካ ኮረብታ ላይ የሚቆፈር መሬት ጉዳቱም ጥቅሙም ከኮረብታው ግርጌ አያበቃም።

የዐለቱ ዓይነት አገልግሎቱን ይወስናል። ባዞልት ጠንካራና ከባድ በመሆኑ ለኮንክሪትና ለአስፋልት ጠጠር፣ እንዲሁም ለኮብልስቶን ይፈለጋል። ትራካይትና ኢግኒምብራይት ለመጥረብ ይመቻሉ፤ በከተማው የሚታየው የግንብ አጥር፣ የመሠረትና የግድግዳ ድንጋይ አብዛኛው ከእነርሱ የተጠረበ ነው። በአየርና በውኃ ብዛት የፈረሰው ዐለት ደግሞ ገረጋንቲ ሆኖ ከመንገድ በታች ይነጠፋል።

ድንጋዩ ለምን ከቅርብ ይፈለጋል

ኮንክሪት ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ሲሚንቶን ነው። ከአንድ ሜትር ኩብ ኮንክሪት ውስጥ ግን ከ60 እስከ 75 በመቶ የሚሆነውን ቦታ የሚይዙት አሸዋና ጠጠር ናቸው። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም እንደሚገምተው ዓለም በየዓመቱ ወደ 50 ቢሊዮን ቶን አሸዋና ጠጠር ትጠቀማለች። ከውኃ ቀጥሎ የሰው ልጅ ይህን ያህል በብዛት የሚጠቀምበት የተፈጥሮ ሀብት የለም።

ጠጠር ከባድና ርካሽ ዕቃ ነው። አንድ ሜትር ኩብ የተፈጨ ጠጠር ወደ አንድ ቶን ተኩል ይመዝናል። ሲኖትራክ የሚባለው ገልባጭ መኪና በተለምዶ 16 ሜትር ኩብ ገደማ ስለሚጭን በአንድ ጉዞ 24 ቶን ያህል ይዞ ይሄዳል። በዚህ የተነሣ ዋጋውን የሚወስነው በአብዛኛው ማጓጓዣው ነው። ካባው በራቀ ቁጥር ነዳጁ፣ ጎማውና የመንገዱ መጨናነቅ ሁሉ በጠጠሩ ዋጋ ላይ ይደመራሉ። ከተማ አቅራቢያ ያለ ካባ የሚፈለገው ለዚህ ነው፤ የቤት ሠሪውም ሆነ የመንግሥት የግንባታ ወጪ ከዚሁ ጋር ይያያዛል።

ካባው ሥራም ይፈጥራል። በጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድጋፍ በድሬዳዋና በአዳማ ተጀምሮ ወደ አዲስ አበባና ወደ ሌሎች ከተሞች የተስፋፋው የኮብልስቶን ሥራ ብዙ ወጣቶችን በማኅበር አደራጅቶ ድንጋይ ጠራቢና ንጣፍ ሠራተኛ አድርጓል። በድንጋይ መፍጫው (ክሬሸር)፣ በጭነቱና በማውረዱ ሥራ የሚኖር የቀን ሠራተኛም ጥቂት አይደለም። ካባ ይዘጋ ሲባል የእነዚህ ሰዎች እንጀራ መነካቱ አይቀርም፤ ውሳኔ ሰጪው ይህን እንደ ቀላል ነገር ሊያልፈው አይገባም።

ካባውና መንደሩ እንዴት ተገናኙ

ዳግማዊ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ወርደው አዲስ አበባን በ1879 ዓ.ም. ሲቆረቁሩ የካ ከከተማው ዳር ነበረች። የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይና የሩስያ ለጋሲዮኖች (የዲፕሎማሲ መሥሪያ ቤቶች) ሰፊ ግቢ ያገኙት በዚሁ በሰሜን ምሥራቅ በኩል ነው። በ1880ዎቹ የገባው ባሕር ዛፍ ኮረብታውን ለበሰ፤ ለማገዶና ለቤት ምሰሶም ዋና ምንጭ ሆነ። ድንጋይ የሚወጣባቸው ቦታዎች ያኔ ከመኖሪያ የራቁ ነበሩ።

ከተማዋ ስትሰፋ ርቀቱ ጠፋ። ከ1990ዎቹ አጋማሽ በኋላ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ ወደ ምሥራቅ ዳርቻ ተዘረጋ፤ የማኅበር ቤቶችና የግል ቤቶችም ተከተሉ። በ2013 ዓ.ም. ከየካና ከቦሌ ክፍለ ከተሞች ተቆርጦ ለሚ ኩራ የሚባል አዲስ ክፍለ ከተማ መቋቋሙ የዚህ መስፋፋት ምልክት ነው። በዚያው ዓመት የእንጦጦ ፓርክ ተመርቆ ተራራው የከተማዋ ዋና የመዝናኛ ስፍራ ሆነ። አንድ ተራራ የድንጋይ ምንጭም፣ የደን ክልልም፣ የመናፈሻም፣ የመኖሪያም ቦታ እንዲሆን ሲጠየቅ አንዱ ከሌላው ጋር መጋጨቱ አይቀርም።

በብዙ ቦታ ካባው ቀድሞ ነበር፤ ነዋሪው ኋላ መጣ። ይህ ክርክር በስብሰባ ላይ ብዙ ጊዜ ይነሣል። ነገር ግን ቀድሞ መገኘት ያለውን ይዞታ ለመሥራት እንጂ ለመስፋፋት መብት አይሰጥም። ማስፋፊያ አዲስ ውሳኔ ነው፤ የሚመዘነውም ጥያቄው በቀረበበት ጊዜ ባለው ሁኔታ፣ ማለትም ዛሬ ከካባው ጎን በሚኖረው ሰው ነው።

ማስፋፊያ ምን ያመጣል

ድንጋዩ ከዐለቱ የሚላቀቅበት መንገድ ሁለት ነው። በባህላዊው ካባ ሠራተኞች በዶማ፣ በመዶሻና በብረት ሽብልቅ ይፈለፍላሉ። በመሣሪያ የሚሠራው ካባ ግን ዐለቱን በመብሻ ማሽን ይበሳል፤ ቀዳዳዎቹን በፈንጂ ሞልቶ ያፈነዳል። በብዛት የሚያገለግለው ፈንጂ ከአሞኒየም ናይትሬትና ከናፍጣ የሚቀላቀል ነው። የፈረሰው ድንጋይ ወደ ክሬሸር ይገባል፤ ተፈጭቶና ተነፍቶ በመጠኑ ይለያል፤ ከዚያ ይጫናል። እያንዳንዱ ደረጃ ለጎረቤት የሚተርፈው የራሱ ችግር አለው።

የመጀመሪያው ንዝረት ነው። ዐለቱን ሳይሰብር የቀረው የፈንጂ ኃይል በመሬት ውስጥ እንደ ሞገድ ይጓዛል። መጠኑ የሚለካው የመሬቱ ቅንጣት በሰከንድ ስንት ሚሊ ሜትር እንደተንቀሳቀሰ በማየት ነው። የጀርመን ደረጃ ዝግ ባለ የንዝረት ድግግሞሽ ለመኖሪያ ቤት 5፣ በቀላሉ ለሚጎዱና ለቅርስ ሕንፃዎች 3 ሚሊ ሜትር በሰከንድ ወሰን ያስቀምጣል። በ1980 እ.ኤ.አ. የወጣው የአሜሪካ ማዕድን ቢሮ ጥናት ደግሞ ለአሮጌ ልስን ቤቶች 12.7 ሚሊ ሜትር በሰከንድ የሚል ገደብ ያቀርባል። እነዚህ ቁጥሮች የተጠኑት በእንጨት፣ በጡብና በኮንክሪት በተሠሩ የውጭ አገር ቤቶች ላይ ነው። በየካ አሮጌ መንደሮች ያለው የጭቃ ቤትና መሠረቱ ያልጠለቀ የብሎኬት ቤት ከዚያ ይልቅ ደካማ ስለሆነ ጥብቁን ወሰን መያዝ ብልህነት ነው። በዚሁ ኮረብታ ላይ ከዐለት የተፈለፈለው ጥንታዊው የካ ዋሻ ሚካኤል መገኘቱም ጥንቃቄውን እጥፍ ያደርገዋል። ትውፊት እስከ አብርሃና አጽብሐ ዘመን የሚያደርሰው፣ ተመራማሪዎች ደግሞ ወደ 12ኛው ክፍለ ዘመን የሚያስጠጉት ይህ ቅርስ አንዴ ከተሰነጠቀ የሚተካ ነገር አይደለም።

ስለ ንዝረት የሚነሣው ክርክር ብዙውን ጊዜ መፍትሔ የሚያጣው ከፈንጂው በፊት ቤቶቹ ስላልተመዘገቡ ነው። ነዋሪው ስንጥቁን ካባው አመጣው ይላል፤ ድርጅቱ ድሮም ነበረ ይላል። ፈቃድ ከመሰጠቱ በፊት በአካባቢው ያሉ ቤቶች አንድ በአንድ ታይተው ስንጥቃቸው በፎቶግራፍና በጽሑፍ ቢያዝ ግን ሁለቱም ወገን የሚታመን ማስረጃ ይኖረዋል። 

ሁለተኛው አቧራ ነው። ትላልቁ ብናኝ በካባው ዙሪያ ይወርዳል፤ ልብስና ጣራ ያቆሽሻል። አደገኛው ግን ዓይን የማያየው ነው። ስፋቱ ከአሥር ማይክሮ ሜትር በታች የሆነው ብናኝ ወደ መተንፈሻ አካል ይገባል፤ ከሁለት ተኩል በታች የሆነው የሳንባን ጥልቅ ክፍል ይደርሳል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ የዚህ ረቂቅ ብናኝ የዓመት አማካይ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ከ5 ማይክሮ ግራም፣ የ24 ሰዓቱ ደግሞ ከ15 ማይክሮ ግራም እንዳይበልጥ ይመክራል።

የዐለቱ ዓይነት እዚህም ላይ ለውጥ ያመጣል። ባዞልት ውስጥ ነፃ ኳርትዝ የለም ማለት ይቻላል። ሬዮላይት ግን ወደ 70 በመቶ የሚጠጋ ወይም ከዚያ የሚበልጥ ሲሊካ ያለው ሲሆን የተወሰነው በኳርትዝ መልክ ይገኛል። ክሪስታል የሆነ ሲሊካ ለዓመታት ሲተነፈስ ሲሊኮሲስ የተባለውን፣ ሳንባን እያደነደነ ትንፋሽ የሚያሳጥርና መድኃኒት የሌለውን በሽታ ያስከትላል። የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅትም ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ካንሰር አምጪ ከሆኑት ውስጥ መድቦታል። ቀድሞ የሚጎዳው ያለ ጭምብል ድንጋይ የሚፈልጠው ሠራተኛ ነው። ስለዚህ በእንጦጦ ዐለት ላይ ማስፋፊያ ሲጠየቅ የድንጋዩ ናሙና ተመርምሮ የኳርትዝ መጠኑ መታወቅ አለበት።

አቧራን መቀነስ ይቻላል። ክሬሸሩን በሽፋን መከለል፣ የሚፈጨውን ድንጋይና መንገዱን በውኃ ማርጠብ፣ ጭነቱን በሸራ መሸፈን የታወቁ ዘዴዎች ናቸው። ውኃ በፈረቃ በሚደርስበት ከተማ ግን የሚረጨው ውኃ ከየት እንደሚመጣ የማስፋፊያ ዕቅዱ በግልጽ መናገር ይኖርበታል። በደረቁ ወቅት ቦቴ ካልተገኘ፣ አቧራው ይረጠባል የሚለው ቃል ወረቀት ላይ ይቀራል።

ሦስተኛው የጭነት መኪና ነው። ለምሳሌ አንድ ካባ በቀን 500 ሜትር ኩብ ጠጠር ቢሸጥ 31 ያህል ሲኖትራክ ይጭናል። ባዶ መምጣቱና ሞልቶ መሄዱ ሲቆጠር በመንደሩ መንገድ በቀን 62 ጊዜ ያልፋል ማለት ነው። ምርቱ በማስፋፊያው እጥፍ ቢሆን ምልልሱም እጥፍ ይሆናል። ለቀላል መኪና የተሠራ የውስጥ ለውስጥ መንገድ ይህን አይችልም፤ ተማሪዎች በእግር በሚሄዱበት ሰዓትም አደጋው ግልጽ ነው።

አራተኛው ውኃ ነው። አዲስ አበባ በዓመት 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛው የሚወርደው በክረምት ወራት ነው። ዛፍና አፈር ያለበት ተዳፋት ከዚህ ውኃ የተወሰነውን ይዞ ቀስ እያለ ይለቀዋል። የተራቆተ ዐለት ግን ወዲያው ይለቀዋል። በአንድ ሄክታር ላይ 50 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲጥል 500 ሜትር ኩብ ውኃ ይሆናል። ይህ ውኃ የካባውን ደለልና ልቅ ድንጋይ እየጠረገ ወደ ቦዮችና ወደ ቀበና ወንዝ ይወርዳል። ከተማው በወንዞቹ ዳርቻ ልማት ብዙ ገንዘብ እያፈሰሰ ከላይ ደለል እንዲወርድ መፍቀድ አንድ እጅ የሠራውን በሌላው ማፍረስ ነው።

አምስተኛው የተዳፋቱ መቆም ነው። ዐለት በደረጃ ካልተቆረጠና ከሥሩ ብቻ ከተፈለፈለ ከላይ ያለው ይናዳል። በባህላዊ ካባዎች ሠራተኞችን የሚቀጥፈው በአብዛኛው ይህ ነው። ከጉድጓዱ አፋፍ ላይ ቤት ካለ አደጋው ከሠራተኛው ወደ ነዋሪው ይሻገራል። ሥራው አልቆ ሳይሞላ የተተወ ጉድጓድ ደግሞ በክረምት ውኃ ያቁራል። የከተማው የእሳትና አደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን በየክረምቱ ሕፃናትና ታዳጊዎች በእንዲህ ዓይነት ጉድጓዶች ሰምጠው እንዳይሞቱ ማስጠንቀቁ ችግሩ ምን ያህል ሥር እንደሰደደ ያሳያል።

ሕጉ ምን ይላል

በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት የተፈጥሮ ሀብት ባለቤትነት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። ድንጋዩ የካባ ባለፈቃዱ የግል ንብረት የሚሆነው በፈቃዱ ወሰን ውስጥ ሲያወጣው ብቻ ነው። አንቀጽ 44 ሰዎች ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። አንቀጽ 43 ደግሞ ዜጎች የሚኖሩበትን ማኅበረሰብ በሚነኩ ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸውን እንዲጠየቁ መብት ይሰጣል።

በ2002 ዓ.ም. የወጣው የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678 የግንባታ ማዕድናትንም ያካትታል። አብዛኛው የግንባታ ማዕድን ፈቃድ ለአገር ውስጥ ባለሀብት የሚሰጠው በክልል ደረጃ ነው። ባለፈቃዱ ከሽያጩ የሮያሊቲ ክፍያ ይከፍላል፤ አዋጁ ለግንባታ ማዕድን ያስቀመጠው መጠን 3 በመቶ ነው። የመቃብርና የአምልኮ ስፍራዎች፣ ቅርስ ያለባቸው ቦታዎች፣ እንዲሁም ለመንደርና ለከተማ ወሰን የቀረበ መሬት በአዋጁ ልዩ ጥበቃ አላቸው። ባለፈቃዱ መሬቱን መልሶ ለማልማት የሚውል ገንዘብ እንዲመድብም ይገደዳል።

በአዋጁ ውስጥ ልብ ሊባል የሚገባ ክፍተት አለ። ባህላዊ የማዕድን ሥራ የአካባቢ ተጽዕኖ ጥናት ከማቅረብ ነፃ ተደርጓል። ምክንያቱ የሚገባ ነው፤ ጥቂት ሰዎች በእጅ መሣሪያ ለሚሠሩት ሥራ ውድ ጥናት ማስጠናት አይችሉም። ነገር ግን በአንድ ኮረብታ ላይ ብዙ ትናንሽ ካባዎች ጎን ለጎን ሲሰለፉ ድምር ጉዳታቸው ከአንድ ትልቅ ካባ አይተናነስም። እያንዳንዳቸው ብቻቸውን ሲታዩ ግን ማንም አያጠናቸውም። ይህን ድምር ማየት የሚችለው ክፍለ ከተማውና የከተማው አስተዳደር ብቻ ነው።

የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299 እና የብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 ሁለቱም በ1995 ዓ.ም. ወጥተዋል። በመጀመሪያው መሠረት ግምገማ የሚያስፈልገው ፕሮጀክት ከአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ ይሁንታ ሳያገኝ ሥራ አይጀምርም፤ ሌላ ፈቃድ ሰጪ መሥሪያ ቤትም ይህን ይሁንታ ሳያረጋግጥ ፈቃድ መስጠት የለበትም። የጥናት ሪፖርቱ ለሕዝብ ክፍት ሆኖ አስተያየት ሊሰበሰብበት ይገባል። ጥናቱ ጸደቀ ማለትም ባለቤቱ ከዚያ በኋላ ለሚያደርሰው ጉዳት አይጠየቅም ማለት አይደለም።

ሁለተኛው አዋጅ ለተራው ነዋሪ ትልቅ በር ይከፍታል። ማንም ሰው ጉዳቱ በራሱ ላይ መድረሱን ማስረዳት ሳይጠበቅበት ብክለት አድራሹን ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ መክሰስ ይችላል። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልሰጠ ወይም ውሳኔው አቤት ባዩን ካላረካው፣ በ60 ቀን ውስጥ ጉዳዩን ወደ ፍርድ ቤት መውሰድ ይቻላል። ይህን መብት የሚያውቅ ነዋሪ ጥቂት ነው፤ የሚጠቀምበት ከዚያም ያነሰ።

በካሳ በኩል ግን ነዋሪው ክፍተት ይገጥመዋል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የካሳ አዋጅ ቁጥር 1161 በዋነኛነት የሚመለከተው መሬቱ ለሕዝብ ጥቅም የሚወሰድበትን ሰው ነው። ቤቱ ከካባው ወሰን አንድ እርምጃ ውጪ የሆነ ሰው አይነሣም፣ ካሳም አያገኝም፤ አቧራውንና ንዝረቱን ግን ይካፈላል። የማስፋፊያ ጥቅም ለባለፈቃዱና ለገዢው ሲሄድ ወጪው በዚህ ሰው ላይ ይወድቃል። ፈቃድ ሰጪው ይህን ካልመዘነ ማንም አይመዝንለትም።

ከሰንዳፋና ከቆሼ የተገኘው ትምህርት

ሕዝብን ሳያሳምኑ ቦታ መምረጥ ምን እንደሚያስከትል ለማየት ከየካ ብዙ መራቅ አያስፈልግም። አዲስ አበባ ለዓመታት የሞላውን የቆሼን ቆሻሻ ማከማቻ ለመተካት ከለገጣፎ አልፎ በሰንዳፋ ዘመናዊ ማስወገጃ አሠራች። የፈረንሳይ የልማት ድርጅት በገንዘብ የደገፈው ይህ ማስወገጃ በ2008 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። የአካባቢው አርሶ አደሮች ግን በቂ ምክክርና ካሳ አልተደረገልንም፣ ሽታውና ፍሳሹም ጎዳን ብለው ተቃወሙ። ማስወገጃው በወራት ውስጥ ሥራ አቆመ፤ ቆሻሻው ወደ ቆሼ ተመለሰ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሼ ክምር ተንዶ ከሥሩ ይኖሩ የነበሩ ከ110 በላይ ሰዎችን ገደለ።

ቆሻሻና ድንጋይ የተለያዩ ናቸው፤ የአስተዳደሩ ትምህርት ግን አንድ ነው። ምክክርን እንደ ፎርማሊቲ ቆጥሮ ያለፈ ውሳኔ ቆይቶ በተቃውሞ ይፈርሳል። በፈረሰ ጊዜ ደግሞ አደጋው አይጠፋም፤ ድምፁ ወደማይሰማ ሌላ ሰው ይዛወራል። በተዳፋትና በክምር ሥር ያሉ ቤቶች ያለባቸውን አደጋ አይቶ ዝም ማለትም ዋጋ እንዳለው ቆሼ በማይረሳ መንገድ አሳይቷል።

ውሳኔ ሰጪው ምን ይጠይቅ

የመጀመሪያው ጥያቄ ማስፋፊያው አስፈላጊ ነው ወይ የሚለው ነው። ያለው ጉድጓድ ድንጋዩ ሳያልቅ ወደ ጎን መስፋት ብዙ ጊዜ የሚመረጠው ርካሽ ስለሆነ ነው። አንድ ሄክታር መሬት 10 ሜትር ጥልቀት ቢቆፈር 100,000 ሜትር ኩብ ዐለት ይወጣል። ያለው ካባ በደረጃ ተቆርጦ በሥርዓት ቢሠራ ስንት ዓመት እንደሚበቃ በልኬት ሳይታወቅ አዲስ ተዳፋት መክፈት አያስፈልግም። በመንገድ ኮሪደር ልማትና በመልሶ ማልማት ከሚፈርሱ ሕንፃዎች የሚወጣው የኮንክሪት ፍርስራሽም ተፈጭቶ ለመንገድ መሠረትና ለሙሌት ሊውል ይችላል፤ ይህም ከተራራው የሚፈለገውን ይቀንሳል።

ሁለተኛው ጥያቄ ወሰኑ ነው። ከመጨረሻው ቤት እስከ ካባው አፋፍ ያለው ርቀት በካርታ ላይ ሳይሆን መሬት ላይ መለካት አለበት። ማስፋፊያው በገፋ ቁጥር ርቀቱ እየጠበበ ስለሚሄድ፣ ዛሬ ስላለው ርቀት ብቻ ሳይሆን በፈቃዱ መጨረሻ ዓመት ስለሚኖረው ርቀት መጠየቅ ይገባል።

ሦስተኛው የቁጥጥር ዐቅም ነው። የፈንጂ ሰዓት ቢወሰን፣ የንዝረት መለኪያ ቢተከል፣ የአቧራ ልክ ቢቀመጥ የሚከታተለው ማነው? የመለኪያው ውጤት በወረዳው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በየወሩ ቢለጠፍ ነዋሪው ራሱ ተቆጣጣሪ ይሆናል። መከታተል የማይቻል ግዴታ በፈቃድ ላይ መጻፍ ነዋሪውን ማታለል ነው።

አራተኛው መጨረሻው ነው። ካባው ሲያልቅ መሬቱ ምን ይሆናል? የላዩ አፈር ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ተለይቶ መቀመጥ፣ ግድግዳው በደረጃ መስተካከል፣ ጉድጓዱ መሞላት ወይም መታጠር፣ ጥድ፣ ወይራና ኮሶን የመሰሉ አገር በቀል ዛፎች መተከል አለባቸው። ይህ የሚቻል ስለመሆኑ ጎረቤት ኬንያ ምስክር ናት። ሞምባሳ አጠገብ የነበረው የባምቡሪ ሲሚንቶ ፋብሪካ የድንጋይ ካባ ከ1971 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዛፍ እየተተከለበት ዛሬ ሃለር ፓርክ የሚባል፣ የዱር እንስሳት የሚኖሩበት መናፈሻ ሆኗል። ይህ የሆነው ግን ገንዘቡም ባለሙያውም ተመድቦ ለዓመታት ስለተሠራበት ነው። መልሶ የማልማቱ ገንዘብ ቁፋሮው ሳይጀመር ዝግ ሒሳብ ውስጥ ካልገባ፣ ድንጋዩ ካለቀ በኋላ የሚከፍል ማግኘት አይቻልም።

አምስተኛው የሠራተኛው ዕጣ ነው። ማስፋፊያው ቢከለከል የሚጎዱት ወጣቶች በመልሶ ማልማቱ፣ በፍርስራሽ ፍጨታው ወይም ከመንደር በራቀ ሌላ ካባ ሥራ የሚያገኙበት መንገድ ከውሳኔው ጋር አብሮ መቅረብ አለበት። ካባውን ወደ ኦሮሚያ ዳርቻ መግፋትም ጥናት ይፈልጋል፤ በዚያም መንደር፣ እርሻና ውኃ አለ። ችግርን ከአንዱ ጎረቤት ወደ ሌላው ማሻገር መፍትሔ አይደለም።

ከቤቶች አጠገብ ያለ የካባ ማስፋፊያ ከሌሎች ፈቃዶች የሚለየው የማይመለስ በመሆኑ ነው። መንገድ ቢበላሽ ይጠገናል፤ ሕንፃ ያለቦታው ቢሠራ ይፈርሳል። የተቆረጠ ተራራ ግን አይመለስም፤ በሲሊካ የተጎዳ ሳንባም እንዲሁ። ስለዚህ የማስረዳት ሸክሙ ማስፋፋት በሚፈልገው ላይ እንጂ በነዋሪው ላይ መሆን የለበትም። ርቀቱ፣ ንዝረቱ፣ አቧራው፣ የጎርፉ መንገድና የመልሶ ማልማቱ ገንዘብ በማስረጃ እስኪረጋገጡ ድረስ ከየካ መንደሮች በላይ ባለው የእንጦጦ ተዳፋት ላይ አዲስ መሬት ለካባ መከፈት የለበትም። ያለውም ካባ በሥርዓት ተሠርቶ፣ በሥርዓት ሊዘጋ ይገባል። የካባ ጎረቤት የሆነ አንባቢም በወረዳው የሚጠራውን የምክክር ስብሰባ እንዳያልፈው፣ የጥናት ሪፖርቱን እንዲያይ መጠየቅ መብቱ መሆኑን እንዳይዘነጋ፣ የቤቱን ግድግዳም ዛሬውኑ ፎቶ አንሥቶ እንዲያስቀምጥ ይመከራል።